ለካርቦን ፋይበር የመኪና ዕቃ ሞልድ ማውጣት፦ አዳማ ላይ፣ በቤት ግቢ ውስጥ

ካርቦን ፋይበር ስህተት አይሸፍንም። ተራ የፋይበርግላስ ፓራውልት ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጣ ቢቦረቦር ስቱኮ ይገባበታል፣ ይላጋል፣ ቀለም ይረጫል፤ ማንም አያውቅበትም። የካርቦን ዕቃ ግን የሚሠራው ሽመናው እንዲታይ ነውና ስቱኮ የለም፣ ቀለም የለም። ሞልዱ ላይ የቀረች አንዲት የብርጭቆ ወረቀት ጭረት እንዳለች ዕቃው ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ድካሙ ያለው ሞልዱ ላይ ነው፤ ካርቦኑን ማንጠፍ የመጨረሻው ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ሰው ውድ ጨርቅ ገዝቶ ሞልዱን በችኮላ ያወጣና ጨርቁን ያበላሻል።

ለምሳሌ የቪትዝ ስፖኪዮ ሽፋን እንውሰድ። ትንሽ ስለሆነ ዕቃ አይፈጅም፣ ቢበላሽም አያከስርም፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ደግሞ ባለሁለት ክፍል ሞልድ ማውጣትን ያስተምራል። ኮፋኖ የሚያምረው ሁሉ መጀመሪያ በስፖኪዮ እጁን ቢያፍታታ ይሻለዋል። መሪ፣ የእግር (የሰስፔንሽን) አካል፣ የወንበርና የቀበቶ መያዣን የመሰለ ሸክም ወይም ሕይወት የሚይዝ ዕቃ ግን በቤት አይሠራም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ከኦሪጅናሉ ሽፋን ላይ ሞልድ ስታወጡ የሚገኘው የካርቦን ዕቃ የውጭ መጠኑ ከኦሪጅናሉ ጋር እኩል ነው። ይህ ማለት ኦሪጅናሉን ይተካል እንጂ በላዩ ላይ አይለበስም፤ በራሱ ውፍረት ልክ ውስጡ ይጠባል። በላዩ የሚለጠፍ ልባስ ከፈለጋችሁ ናሙናውን፣ ማለትም ሞልድ የሚወጣበትን ሽፋን፣ በስቱኮ ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ማወፈር አለባችሁ፤ 1 ለካርቦኑ፣ ግማሿ ለማጣበቂያው። የምትተኩት ከሆነ ደግሞ የኦሪጅናሉ መያዣ ጥርሶች ተቆርጠው በኢፖክሲ አዲሱ ላይ መጣበቅ ስላለባቸው፣ ከመፍታታችሁ በፊት ቦታቸውን ለክታችሁ ያዙ። ይህን ሳያስቡ ጀምረው ቆንጆ ዕቃ አውጥተው መኪናው ላይ አልገጥም የሚላቸው ብዙ ናቸው።

ናሙናው

ላቫጆ ሲመላለስ የኖረ ፕላስቲክ ሁሉ ሲሊኮን የነካው ነው ብላችሁ ጀምሩ። ለማብረቅ የሚረጩት ነገር ለዓይን ባይታይም ቀለምም ጀልኮትም (የሞልዱ ፊት የሚሆነው፣ ሬዚን ከሚባል የሚጠነክር ፈሳሽ የተሠራ ቅብ) በላዩ አይረጋም፤ ቅቤ የነካው ሰሃን ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ክብ ክብ ባዶ ቦታ እየተወ ይሸሻል። በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅና በቅባት ማስለቀቂያ ጥረጉት። ይህ ሁሉ ከመላጉ በፊት ነው። ሲሊኮን ሳይነሣ ከተላገ ወደ ጭረቱ ይገባና አይወጣም።

ላዩ ጭረት ካለበት በስቱኮ ተሞልቶ ባለሁለት ቅልቅል ቀለም ይቀባል። ናይትሮ ቀለም አይሆንም፤ ጀልኮት ውስጥ ያለው ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ ያሟሟውና ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ጭምድዱም ሞልዱ ላይ ይታተማል። ባለሁለት ቅልቅሉም ቢሆን ሳምንት ይቆይ። ናሙናው ከነጭ ፎም የተቀረጸ ከሆነ ስታይሪን ፎሙን ስለሚበላው መጀመሪያ ኢፖክሲ መልበስ አለበት።

መላጉ በ400 ይጀመርና በ600፣ 800፣ 1000፣ 1500 እየተባለ በውሃ ይቀጥላል። በየቁጥሩ አቅጣጫ ቀይሩ፤ አንዱን ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ላይና ታች። የፊተኛው ጭረት ጨርሶ መጥፋቱ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። ከ600 ወደ 1500 መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ግን በማብረቂያ የጠፋ የሚመስለው ጭረት በጥቁር ካርቦን ላይ በፀሐይ ሲታይ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ሲሊኮን በሌለው ማብረቂያ ፓስታ ይወለወላል። የአምፖሉ መልክ ሳይሰበር ከታየበት በቅቷል።

ጠርዝና መክፈያ

አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ናሙናውን ከፊት ለፊት ተመልከቱት። ከዚያ አቅጣጫ የማይታይ ገጽ ካለ፣ ሞልዱ በዚያ በኩል አይወጣም፤ ይቆልፋል። ግድግዳዎቹ ቢያንስ 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ውጭ መክፈት አለባቸው። የስፖኪዮ ሽፋን ይህን አያሟላም፤ ስለዚህ ሞልዱ ለሁለት ይከፈላል።

መክፈያው መስመር በሽፋኑ ጎን፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ ይለፍ። በመስመሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ ግድግዳ ከፎርማይካ ቁራጭ ወይም ከፕላስቲክ ሰሌዳ ተቆርጦ ይቆማል፣ ከጀርባው በሙቅ ሙጫ ይያዛል። በግድግዳውና በናሙናው መካከል የሚቀረው ክፍተት በፕላስትሊን (በልጆች መጫወቻ ጭቃ) ይደፈናል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፕላስትሊኑ ትርፍ ሆኖ ወደ ናሙናው ከወጣ በዕቃው ላይ መስመር ይቀራል፤ ከጎደለ ደግሞ ሬዚኑ ገብቶ ስለት ይሆንና ሲነቀል ይሰበራል። በጥፍር ሳይሆን በቀጥ ያለ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቁረጡት፤ ማዕዘኑ ሹል ሆኖ መቅረት አለበት።

ሁለቱ ክፍሎች ኋላ በትክክል እንዲገጣጠሙ ግድግዳው ላይ ሦስት አራት ቦታ ማቀፊያ ይሠራል። ለዚህ የልጆች ብይ በቂ ነው፤ ግድግዳው ላይ በፕላስትሊን ጎጆ ተሠርቶላት ከግማሿ ትንሽ ያነሰ ብቻ ብቅ ትበል። ከግማሽ በላይ ከወጣች ሞልዱ ውስጥ ትቆለፋለች።

ሰም

ሞልዱ ከናሙናው ጋር እንዳይጣበቅ ካርናውባ የሚባለው የዛፍ ሰም ያስፈልጋል። የመኪና ማብረቂያ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለበት፣ የወለል ሰምና ሻማ ደግሞ የሚታመኑ አይደሉም። አዲስ ናሙና ላይ 6 ጊዜ ይቀባል፤ ስስ ሆኖ፣ በክብ በክብ፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ ይወለወላል፤ በየሁለቱ መካከል ግማሽ ሰዓት፣ የመጨረሻው ደግሞ አንድ ሌሊት ይረፍ። ወፍራም አድርጎ አንዴ መቀባት ስድስቱን ጊዜ አይተካም፤ ወፍራሙ ሰም ሽንትር ሆኖ ይደርቅና ሽንትሩ ይታተማል። ለመፈተሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ሳቡት፤ ምንም ሳይታገል ከተነሣ በቅቷል። ጠርዝና ማዕዘን ላይም ሞክሩ፣ የሚጣበቀው ሁልጊዜ እዚያ ነውና።

በላዩ ፒቪኤ የሚባለው በውሃ የሚሟሟ ፈሳሽ ስስ ተደርጎ 2 ወይም 3 ጊዜ ይረጫል። ለመጀመሪያው ሞልድ ዋስትና ነው። በስፖንጅ አትቀቡት፣ ፈለጉ ይቀራል።

የአዳማ ሙቀትና ንፋስ

የሬዚን መመሪያ ሁሉ የሚጻፈው ለ20 ወይም ለ25 ዲግሪ ነው። አዳማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ መመሪያው 20 ደቂቃ ያለው ሬዚን በ10 ደቂቃ እጃችሁ ላይ ይረጋል። መፍትሔው ካታሊስቱን (ሬዚኑን የሚያረጋውን ፈሳሽ) እስኪበቃን መቀነስ አይደለም። ሞልዱ የሚሠራበት ፖሊስተር ሬዚን ከ1 በመቶ፣ ጀልኮት ከ1.2 በመቶ በታች ካታሊስት ካገኘ የረጋ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል፤ በኋላ ካርቦኑን የሚይዘው ኢፖክሲ ይጣበቅበታል። ይልቅ ሰዓት ለውጡ። በበልግ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጨርሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ተቃራኒው ነው፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምራችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ የረጋ ይሁን። በየሥራው ቀን መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ 50 ግራም ቀላቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉ፤ የዚያን ቀን ሰዓታችሁ እርሱ ነው።

ከኮረብታው ላይ የሚዞሩትን ተርባይኖች ያየ ሰው ስለ ንፋሱ ብዙ መስማት አያስፈልገውም። ንፋስ አቧራ ማምጣቱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው፣ ከጀልኮቱ ላይ ስታይሪኑን አትንኖ መወሰዱ ነው፤ ስታይሪን ደግሞ ከሬዚኑ ጋር ተያይዞ የሚጠነክረው አካል ራሱ ነው። እርሱ ከሄደ ላዩ ይጨማደዳል። ስለዚህ ጀልኮት ከተቀባ በኋላ ትልቅ ካርቶን ይደፋበት፤ ካርቶኑ ከታች በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በዚያ ይወጣል።

ለሰው ግን አየር ያስፈልጋል። ለኬሚካል ትነት የተሠራ ባለካርትሪጅ ማስክ አድርጉ፤ የሐኪም ቤት ማስክ ለስታይሪን ምንም አይሠራም። ስታይሪንም አሴቶንም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት፣ ከሰል ተያይዞ ቡና በሚቆላበት ሰዓት ይህ ሥራ አይሠራም። ካታሊስቱ ውሃ ይመስላል። ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በሃይላንድ ፕላስቲክ በፍጹም አታስቀምጡት፤ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ሻጩ ኮባልት (የሬዚን ማፍጠኛ) ለብቻው ከሰጣችሁ፣ ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይቀላቀላል፣ ካታሊስቱ ከዚያ በኋላ ይገባል። ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ።

ጀልኮትና ማት

የስፖኪዮው ሞልድ ከነጠርዙ 0.1 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ጀልኮቱ በሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በየጊዜው 60 ግራም ይበቃል። 60 ግራም ላይ 1.5 በመቶ ማለት 0.9 ግራም ካታሊስት ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን አያይም። ከፋርማሲ የ2 ሚሊ ሊትር መርፌ ግዙና 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ለኩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ የኩባያውን ጎንና ታች እየፋቃችሁ ቀላቅሉ፤ አየር እንዳይገባበት በዝግታ።

ጀልኮት ሲቀባ እንደ ቀለም አይገፋም፤ በብሩሽ እየተጫነ ይተኛል። የረጠበው ውፍረት በየጊዜው ከግማሽ ሚሊ ሜትር እንዳያንስ። ሁለተኛውን ቅብ በትንሽ ቀለም ለይቶ መቀባት ጥሩ ዘዴ ነው፣ ያልተሸፈነው ቦታ ይታያል። መደቡ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ይሁን፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ሞልድ ውስጥ ሲነጠፍ አየርና ክፍተቱ አይታይም። ለቀጣዩ ቅብ መድረሱ የሚታወቀው በጓንት ጣት ሲነካ ሲጣበቅ፣ ግን ጣት ላይ ምንም ሳይቀር ሲቀር ነው። ቶሎ ከተደረበ የሁለተኛው ስታይሪን የመጀመሪያውን ያሳብጠውና እንደ አዞ ቆዳ ይጨማደዳል። ይህ ከደረሰ ማዳን የለም፤ ተነቅሎ ከሰም ይጀመራል። ስስ ቅብም ይህንኑ ያመጣል፣ ስስ ጀልኮት አይበስልምና።

ማት (የተበተነ የመስታወት ክር ምንጣፍ) ከመነጠፉ በፊት ማዕዘኖቹ በሬዚንና በተከተፈ የመስታወት ክር ለጥ ይበሉ። ማት ሹል ማዕዘን ውስጥ አይታጠፍም፤ ድልድይ ሠርቶ ከታቹ አየር ይቀራል፣ ከዚያ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዕቃ ሲወጣ ያ ጠርዝ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል።

የመጀመሪያው ማት ስስ ይሁን፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለው። በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቀዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ ይዋሐዳል፣ የተቆረጠ ደረጃ ይሠራል። ብሩሹን አትጎትቱ፣ ውጉበት፤ ነጭ ነጥብ የቀረበት ሁሉ አየር ነው። ይህ ንጣፍ ብቻውን ይርጋ፣ ይቀዝቅዝ። የታየ አየር ካለ ተቆርጦ ይሞላ። ከዚያ 450 ግራም ማት 4 ንጣፍ፣ በአንድ ቀን ሁለት ብቻ። እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ጠቅላላው 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ማቱ 210 ግራም ይመዝናል፣ ሬዚኑ የእርሱ ሁለት እጥፍ ከትንሽ በላይ ነውና ከብክነቱ ጋር ግማሽ ኪሎ ያዙ። ለኮፋኖ የምታሰሉ በካሬ ሜትር 2.1 ኪሎ ማት፣ 5 ኪሎ ሬዚን፣ 1.2 ኪሎ ጀልኮት አስቡ።

አራቱን በአንድ ጊዜ ማንጠፍ ለምን እንደማይሆን በግልጽ ይታወቅ። ፖሊስተር ሲጠነክር ይሞቃል፣ ይሰበሰባልም። ወፍራሙ በአንዴ ሲሞቅ ጀልኮቱን ይስበዋል፤ የማቱ ክር ንድፍ በሚያብረቀርቀው ላይ ይታያል፣ ሞልዱም ይጣመማል። ኩባያ ውስጥ የተረፈውም እንዲሁ ነው፤ ሰፊ ቆርቆሮ ላይ አፍስሱት እንጂ በቆሻሻ ፌስታል ውስጥ አትተዉት፣ ያጨሳል።

አንዱ ክፍል ሲያልቅ ጊዜያዊው ግድግዳ ይነሣል፣ ፕላስትሊኑ ይጸዳል፣ አዲሱ ጠርዝም እንደ ናሙናው 6 ጊዜ ሰም ይቀባል። ይህን የረሳ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አድርጎ ይጨርሳል። ሁለተኛው ክፍል በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ሁለቱ ሳይለያዩ፣ ናሙናው ውስጥ እንዳለ፣ በጠርዙ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የ8 ብሎን ቀዳዳ ብሱ፤ ከተለያዩ በኋላ መብሳት መስመሩን ያዛንፋል።

መንቀል

ሳምንት ይቆይ። በማግስቱ የተነቀለ ሞልድ መሰብሰቡን ያለ ናሙናው ይቀጥላል፣ ቅርጹም ይሄዳል። ሳምንት ያልሞላው ሞልድ ስታይሪን ገና ይለቃል፣ ኢፖክሲም ይይዛል። ሲነቀል ካቻቢቴ አይነካውም። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተቆረጠ ሽብልቅ ዙሪያውን ቀስ በቀስ ይግባ፣ ለብ ያለ ውሃ ይፍሰስበት፤ ፒቪኤው ይሟሟል። ጠቅ የሚል ድምፅ ሲሰማ ለቅቋል ማለት ነው። ከዚያ ታጥቦ በ1000 እና በ1500 ይላግ፣ ይወልወል፣ እንደገና 6 ጊዜ ሰም ይቀባ።

ካርቦኑና ቫኪዩሙ

እዚህ የፖሊስተር ልማድ ይጎዳል። የፖሊስተር ካታሊስት በመጠኑ ይጨመራል ይቀነሳል፤ የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ግን ልክ አለው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ የጨመረ ሰው ምንጊዜም ለስላሳ የሆነ ዕቃ ያገኛል። መመሪያው 100 ለ30 ካለ፣ ለ100 ግራም ቅልቅል 77 ግራም ኢፖክሲና 23 ግራም ማጠንከሪያ ነው፤ በዓይን ሳይሆን በሚዛን። ለስፖኪዮው ይህ ይበቃል፦ መጀመሪያ ስስ ኢፖክሲ ሞልዱ ላይ ይቀባል፣ ጣት እስኪይዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ 200 ግራም ቱዊል (ሰያፍ ሽመና ያለው የካርቦን ጨርቅ) 3 ንጣፍ። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የመቁረጫው መስመር በወረቀት ፕላስተር ይያዝ፣ ሽመናው እንዳይፈታ። የመስታወት ማት ከኢፖክሲ ጋር አትደባልቁ፤ ማያያዣው የሚሟሟው በስታይሪን ነው።

ቫኪዩም ማለት ዕቃውን በከረጢት ሸፍኖ አየሩን በፓምፕ እየሳቡ ጨርቁን ሞልዱ ላይ መጫን ነው፤ እዚህ ላይ አዳማ የራሷ ቁጥር አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.83 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ጌጁ ከ0.82 አልፎ አይሄድም፤ ፍጹም ጥሩ ፓምፕ እንኳ። 1 ባር ካላየሁ ብሎ ፓምፕ የሚቀይርና ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። የሚገኘው ኃይል በካሬ ሜትር 8.4 ቶን ገደማ ነው፣ በባሕር ዳርቻ ከ10 ቶን በላይ ነበር፤ ለዚህ ዕቃ ከበቂ በላይ ነው። የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ይሠራል፣ አየር የሚስበው በዝግታ ስለሆነ ግን ከረጢቱ ትንሽና የታሸገ መሆን አለበት። በመካከል ሬዚን መያዣ ከ110 የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ሥሩ፤ ሬዚን ኮምፕረሰር ውስጥ ከገባ ኮምፕረሰሩ አበቃለት።

ሞልዱ ባለሁለት ክፍል ስለሆነ በመገጣጠሚያው አየር ያስገባል። ጠርዙ ላይ ከረጢት ከመለጠፍ ሞልዱን በሙሉ ከረጢት ውስጥ መክተት ይሻላል፤ ግፊቱም ከሁለቱም በኩል ስለሚሆን አይሰነጥቀውም። ሹል ጠርዙ ከረጢቱን እንዳይበሳ በጨርቅ ጠቅልሉት። ከረጢቱን ያለ ሬዚን አንዴ ሞክሩት፦ ቱቦውን ቆልፋችሁ ፓምፑን ስታጠፉ በ10 ደቂቃ ከ0.02 በላይ መውረድ የለበትም። ይህ ፈተና ለመብራት መጥፋትም ነው። መብራት ሲጠፋ ቱቦውን ወዲያው በመቆንጠጫ የቆለፈ ሰው፣ ከረጢቱ ካልፈሰሰ፣ ምንም አይሆንም።

ጥቁር ዕቃ በአዳማ ፀሐይ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ይደርሳል፤ በክፍል ሙቀት ብቻ የጠነከረ ኢፖክሲ ደግሞ 50 ወይም 60 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል። ስለዚህ ዕቃው ከሞልዱ ሳይወጣ በኤምዲኤፍ ሣጥን ውስጥ በሰዓት 10 ዲግሪ ብቻ እየጨመረ ወደ 60 ይድረስ፣ እዚያ 6 ሰዓት ይቆይ፣ እንደዚሁ በዝግታ ይቀዝቅዝ። ተራ የፖሊስተር ሞልድ ከዚህ በላይ አይገፋም። ከወጣ በኋላ ፀሐይን የሚከላከል ባለሁለት ቅልቅል ቫርኒሽ ካልተረጨበት ኢፖክሲው ቢጫ ይሆናል። ሲቆረጥና ሲላግ በውሃ ይሁን፤ የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ግራይንደርና ኮምፒውተር ያቃጥላል። በባዶ ብረት ወይም በአሉሚኒየም ላይ በቀጥታ ከተጣበቀ ብረቱን ያዝገዋል፤ መሐሉ አንድ ንጣፍ የመስታወት ጨርቅ ይግባ።

ለመጀመሪያዎቹ 4 ዕቃዎች በየዕቃው አንድ ሰም ጨምሩ። ሥራ በሌለበት ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች በብሎን ተጠብቀው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጠፍጣፋ ቦታ ይቀመጡ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሞልድ በአንድ በጋ ይጣመማል።